«ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ከተባልኩ ሕመሙ ከየት መጣ?

ጠያቂ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ሠንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ ባንክ የሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከሚያዝያ ወር ጀምሮ የላይኛው ሆዴ ያቃጥለኛል፣ ማጅራቴ ይደርቃል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደግሞ ልቤ እየደለቀ ከእንቅልፌ እነቃለሁ። የሰኔ ሒሳብ መዝጊያ በተቃረበ ቁጥር ሁሉም እየባሰ ሄደ። ሐኪም ዘንድ ቀርቤ የደም፣ የሽንት፣ የታይሮይድና የልብ ምርመራ ተደረገልኝ፤ ውጤቱ ሁሉ ደኅና ነው ተባለ። የደም ግፊቴ ብቻ በዚያ ዕለት 150 በ95 ነበር፤ ሰፈሬ ባለው መድኃኒት ቤት ስለካው ግን 126 በ80 ሆነ። ሐኪሙም «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ አሰናበተኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ «ተመስገን» አለች፤ ባለቤቴም ነገሩ ያበቃ መስሎት ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ቃጠሎው ግን አልቆመም። ስንነጋገር «ጨጓራዬን ላጠው»፣ «አንጀቴ አረረ»፣ «ሐሞቴ ፈሰሰ» እንላለን፤ እነዚህ አባባሎች ብቻ ናቸው ወይስ በእርግጥ በሰውነታችን ውስጥ የሚሆን ነገር አለ? እጅ እግር የሌለው ሐሳብ በምን መንገድ ወርዶ ሆድ ያቃጥላል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ነርስ፣ የውስጥ ደዌ ክፍል

ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ደረጃ «ምንም የለብሽም» እና «ጭንቀት ነው» የሚሉት ሁለት ንግግሮች ባንድ ትንፋሽ ሊነገሩ የሚገባቸው አይመስለኝም። ጭንቀት ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያም ነገር በነርቭና በሆርሞን አማካይነት የሚሠራ፣ በመሣሪያም የሚለካ ነው። ለዐሥራ አራት ዓመታት በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ፣ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ምክንያት ሕመማቸውን ደብቀው የተቀመጡ ብዙ ሰዎች ስላየሁ ነው አጥብቄ የምናገረው።

መንገዱን ልንገርዎት። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መንገድ ሲያቋርጡ አንድ ሚኒባስ ድንገት ቢደርስብዎት፣ ገና «አደጋ ነው» ብለው ሳያስቡ አንጎልዎ በነርቮች በኩል ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ከኩላሊቶች በላይ ያሉት አድሬናል የተባሉ ዕጢዎችም በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ ከሆድ ዕቃ ደም እየተቀነሰ ወደ እግር ይሄዳል። ከዚህ ፈጣን መንገድ በኋላ ደግሞ ዘገም ያለው ይከተላል፦ በአንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ ዕጢን፣ ፒቱታሪም አድሬናልን ያዛል፤ ኮርቲሶል የተባለውም ሆርሞን ከሃያና ሠላሳ ደቂቃ በኋላ በደም ውስጥ ከፍ ይላል። ኮርቲሶል ስኳርን ወደ ደም ያወጣል፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችንንም ይገራል፤ ሥራውን ሲጨርስም ራሱ ተመልሶ አንጎልን «ይበቃል» የሚል ነው። ሚኒባሱ ካለፈ በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የሒሳብ መዝጊያ ግን እንደ ሚኒባስ ቶሎ አያልፍም፤ አልጋ ድረስ አብሮ ይመጣል፣ ያ «ይበቃል» የሚለው ድምፅም እየደከመ ይሄዳል።

ስለ ሆድ የጠየቁት ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ጉዳይ ነው። ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ድመቶችን አብልቶ የጨጓራቸውን እንቅስቃሴ በራጅ ሲከታተል፣ ድመቷ በተበሳጨች ጊዜ ጨጓራዋ ሥራውን ቀጥ አድርጎ ሲያቆም ተመልክቷል። ቬገስ የሚባለው ረጅም ነርቭ አንጎልን ከሆድ ጋር ያገናኛል፤ አብዛኞቹ የነርቭ ክሮቹ ግን መልእክት የሚወስዱት ከሆድ ወደ አንጎል ነው። ስለዚህ ሐሳብ ሆድን እንደሚያውከው ሁሉ የታወከ ሆድም መልሶ ሐሳብን ያውካል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ የቁስል ነገር ነው፣ ቁስል ማጠብ የየዕለት ሥራዬ ስለሆነ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ዘመዶቻቸውን ሌት ተቀን በሚያስታምሙ 13 ሴቶችና ይህ ሸክም በሌለባቸው ሌሎች 13 ሴቶች ክንድ ላይ እኩል መጠን ያለው ትንሽ ቁስል ተደርጎ ነበር፤ የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘገየ። በሽተኛ ሲያስታምሙ የከረሙ እናቶቻችንን ሳይ ሁልጊዜ ይህ ትዝ ይለኛል።

መልስ፦ መምህር፣ ከካዛንቺስ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌላውን ወገን ሳላስታውስ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። እኔም ለሁለት ዓመት «ጭንቀት ነው» እየተባልኩ ስቃጠል ኖሬ፣ በመጨረሻ አንዲት ሐኪም የሰገራ ምርመራ አዘዘችልኝና ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘብኝ። በሁለት ሳምንት ሕክምና ዳንኩ። ቀድሞ የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከምግብ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሁለቱ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ባክቴሪያውን ሲያመለክቱ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም፤ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ታመመ፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ታዲያ ጭንቀት ከደሙ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓኗን ኮቤ ከተማ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በመታት ጊዜ ደም የሚያፈስ የጨጓራ ቁስለት ጨምሮ ነበር፤ ባክቴሪያው በአንድ ሌሊት አልተፈጠረም፣ የተለወጠው ባክቴሪያውን ተሸክሞ የኖረው ሰው ሁኔታ ነው። ስለዚህ እኅቴ፣ የሰገራ ምርመራው ተሠርቶልዎት እንደሆነ ይጠይቁ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ከምርመራው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማቆም ስለሚያስፈልግ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሰገራ ከጠቆረ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ወይም ምግብ ለመዋጥ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

መልስ፦ የቀድሞ የፒያሳ ነዋሪ

የእኔ ከሳይንሱ ይልቅ ወደ ኑሮው ያደላል። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲነሣ የ67 ዓመት እናቴ ያው መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ አመጋገቧንም ሳትለውጥ ስኳሯ ለወራት አልወርድ አለ። አዲሱ ቤት ከቀድሞው ይሻላል፤ ውኃው ግቢ ውስጥ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። ጠዋት በአጥር በኩል «ቡና ደርሷል» የምትላት ጎረቤት ግን የለችም። የዕድሯ አባላት በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ኮርቲሶል ስኳርን እንደሚያወጣ ከላይ ሳነብ እናቴን የማየት ያህል ነው የተሰማኝ። በኋላ ሦስት የቀድሞ ጎረቤቶቿ በየአሥራ አምስት ቀኑ በየተራ ቡና መጠራራት ጀመሩ፤ ስኳሯም ቀስ በቀስ ተስተካከለ። ቡናው ብቻ ነው ያስተካከለው አልልም፤ በዚያው ሰሞን ሐኪሟ የመድኃኒቱን መጠን ጨምሮ ነበርና። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 148 ጥናቶችንና ከ300 ሺሕ በላይ ሰዎችን ያጣመረ ትንተና፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው 50 በመቶ ያህል የላቀ መሆኑን አሳይቷል። ባለቤትዎ ዳግመኛ አለመጠየቃቸውን እንደ ቀላል ነገር አይለፉት፤ ቁጭ አድርገው ይንገሯቸው።

ጠያቂ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአራት ኪሎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰገራ ምርመራ አልተሠራልኝም፤ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ። ለነርሷ ሁለት ጥያቄ አለኝ። የደም ግፊቴ ሆስፒታልና መድኃኒት ቤት የተለያየው ለምንድን ነው? ለማጅራቴስ ከሚያዝያ ጀምሮ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ፣ ብዙ ቀን ቁርስ ሳልበላ በማኪያቶ እወስድ ነበር፤ ለሐኪሙ መንገር ትዝም አላለኝ። ይህ ከነገሩ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ነርስ፣ የውስጥ ደዌ ክፍል

እጅግ ይገናኛል፤ እኔም ቀድሜ ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር። ጭንቀቱ ማጅራትዎን አደረቀ፣ የማጅራቱ ሕመም ዲክሎፌናክ አስገዛዎት፣ ዲክሎፌናክ ደግሞ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት፤ ሰኞ ለሐኪሙ ስንት እንክብል፣ ለስንት ጊዜ እንደወሰዱ ጽፈው ይስጡት።

ግፊቱን በተመለከተ፣ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ብቻ ከፍ የሚልባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ያው አድሬናሊን ነው። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ቤትዎ ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ጀርባዎን ደግፈው በዝምታ ይቀመጡ፣ ባለፈው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይረፍ። አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መዝገቡን ይዘው ይምጡ። ሌሊት ልብዎ ሲደልቅ ደግሞ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ፣ ማስወጣቱን እያስረዘሙ በዝግታ ይተንፍሱ፤ ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ በተለይ አየር ስናስወጣ ይበረታል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላም ማኪያቶው ይቅር። የምርመራውን ውጤት እዚሁ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።