የራሳችሁን ኤአይ ቢሮ ውስጥ ልታስነሱ ላሰባችሁ፦ የቱን ልግዛ፣ የቱን ልተው?

ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመብኝ ነው። «ያንን ትርጉም ቢሮ ውስጥ የተከልከውን ኤአይ እኔም ጋ ትተክልልኛለህ? ምን ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ሥራዬ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳና ሜክሲኮ ያሉ ትንንሽ ቢሮዎችን ኮምፒውተር ማየት ነው። ከታች ከምጠራቸው ከማንኛቸውም ኮሚሽን አልበላም።

መጀመሪያ ለምን የሚለው። ትርጉም ቢሮው በቀን የሚገባለት የልደት ካርድ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የጋብቻ ወረቀት ነው። ልጆቹ ይህንን ሁሉ ነፃ ቻትቦት ላይ ይለጥፉት ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የቢሮው ባለቤት እትዬ እንቅልፍ አጡ። የደንበኛ ወረቀት ከበራቸው ሳይወጣ የሚሠራ ነገር ፈለጉ። በቃ ይኸው ነው። ወረቀታችሁ ሚስጥር ከሌለው ግን ይህን ሁሉ ጣጣ ውስጥ ባትገቡ ይሻላል። ነፃው ቻትቦት ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ሁሉ ጎበዝ ነው።

ኤአዩን የማስነሳው ዶከር በሚባል ፕሮግራም፣ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ኮንቴይነር ስላችሁ የመንገድ ዳሩ ቆርቆሮ ሱቅ ከመጣባችሁ ብዙም አልተሳሳታችሁም። ሱቁን በክሬን አንስተው ሌላ ሰፈር ያስቀምጡታል፤ መደርደሪያው፣ የመብራት ገመዱ፣ ሁሉም ውስጡ ነው። ዶከርም ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል። ማሽኑ ቢበላሽ ሌላ ማሽን ላይ ታስነሱታላችሁ። ዕቃው ግን፣ ማለትም ሞዴሉ (የኤአዩ አንጎል የሆነው ትልቅ ፋይል) እና የውይይቱ ታሪክ፣ ከሱቁ ውጭ ቮልዩም የሚባል መጋዘን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መጋዘኑን ያልኩበት ምክንያት ወደ ኋላ ይመጣል፤ አስለቅሶኛል።

ወደ ግዢው እንግባ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ግራፊክስ ካርድ ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ካርዱ ብቻውን እስከ 170 ዋት ይበላል። እኛ ሠፈር በብዛት የሚሸጡት ቀጫጭን ያገለገሉ ዴሎችና ኤችፒዎች ደግሞ ፓወር ሰፕላያቸውም ሳጥናቸውም አይችለውም። ካርድ ገዝቶ የሚሰካበት ያጣ ሰው አውቃለሁ። ለሁለት ሦስት ሰው ቢሮ ገንዘባችሁን ራም ላይ አውጡ።

ራም ስል ብዛቱን ብቻ አይደለም። ሞዴሉ መልስ ሲጽፍ ለእያንዳንዷ ቶክን (የቃል ቁራጭ) ራሱን በሙሉ ከራም ያነባል። ላማ 3.1 የሚባለው ሞዴል፣ ባለ 8 ቢሊዮኑ፣ በ4 ቢት ተጨምቆ 5 ጊጋ ገደማ ነው። ዲዲአር4 ባለ 2666ቱ ራም አንድ ብቻ ሲሰካ በሰከንድ 21 ጊጋ ገደማ ያሳልፋል፤ ሁለት ሲሆን 42። እስቲ አካፍሉት። በአንድ ራም በሰከንድ ከ4 ቶክን ብዙም አታልፉም፣ በሁለት እስከ 8 ትጠጋላችሁ። በተግባር ከዚህም ያንሳል።

መርካቶ 8ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ስገዛ ልጁ «16 ጊጋ ነው» አለኝ። ክዳኑን ክፈትልኝ አልኩት። ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፣ ግን ከፈተው። እውነትም 16 ነው፤ አንድ ራም ብቻ። «አንድ መሆኑ ይሻልሃል ወንድሜ፣ ነገ ለመጨመር ሌላው ቀዳዳ ክፍት ነው» አለኝ። አልዋሸም። ለሒሳብ ሠራተኛ ቢሆን ልክ ነበር። ለእኔ ግን ግማሽ ፍጥነት ነው። እዚያው ሁለተኛ 16 አስጨምሬ 32 አድርጌ ወጣሁ። እናንተም ክዳን ሳታስከፍቱ አትክፈሉ። ከ4ኛ ትውልድ በታች የሆነ ኮር አይ ደግሞ በነፃ ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ ኤቪኤክስ2 የሚባለው የማስያ ትእዛዝ ስለሌለው ይጎተትባችኋል። ዲስኩም ኤስኤስዲ ይሁን። ዋጋ አልጽፍም፣ ጠዋት የነገሩኝ ከሰዓት ይቀየራል።

አሁን የመብራቱ ነገር። ተራው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው ያለው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ኤአይ እያሰበ ያለ ዴስክቶፕ ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ አትጠብቁበት፤ ባትሪው ካረጀ ደግሞ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚቀረው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እትዬ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ሰውዬው ዝም አለ።» ሰውዬው ያሉት ኤአዩን ነው። መብራት ሄዶ፣ ዩፒኤሱ ጮሆ ጮሆ፣ ሁሉም ጠፍቷል። መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው እንዲነሳ ሁለት ነገር አስተካክሉ። ባዮስ (ማሽኑ ገና ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ውስጥ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲበራ፤ ዶከር ላይ ደግሞ የሪስታርት ፖሊሲው «አንለስ ስቶፕድ» (እኔ ካላቆምኩት በቀር ተነሳ) ይሁን። ከዚያ ወዲህ እትዬ ስለ ሰውዬው ደውለው አያውቁም።

ለዚህ ነው ለብዙዎቻችሁ ከዴስክቶፕ ይልቅ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 የምመክረው። ሁለት የራም ቀዳዳ አለው፣ 32 ጊጋ ይይዛል፣ ባትሪውም አንዱ ከውስጥ አንዱ ከኋላ ሁለት ነው። ዩፒኤስ አብሮ ገዛችሁ ማለት ነው። በስሙ እንዳትሸወዱ፣ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ያለበት ቲ480ኤስ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ቀሪው ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ጉዳቱ መሞቁ ነው። ረጅም ሰነድ ሲሰጡት ይግላል፣ ሲግል ይቀዘቅዛል፣ ማለቴ ፍጥነቱ። አምስት ሰው የሚጋራው ከሆነ ወደ ዴስክቶፑና ትልቅ ዩፒኤስ ሂዱ።

ኢንተርኔት። አንዴ ከወረደ በኋላ ኤአዩ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ውበቱም እሱ ነው። ማውረዱ ነው ጭንቁ። ሞዴሉ 5 ጊጋ፣ የኮንቴይነሮቹ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) ተጨምሮ በርካታ ጊጋ። የኢትዮ ቴሌኮም ብሮድባንድ መስመር ያለው ቢሮ በጊጋ ስለማይቆጠርበት ማታ ለቆት ይሂድ። ሳፋሪኮም ያለው ሰው ደግሞ የሞባይል ራውተሩን ለመጠባበቂያ ይያዝ፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። በሞባይል ስታወርዱ «ብዙ ጠየቅክ» የሚል መልእክት ቢመጣባችሁ አትደንግጡ። ኢሜጁ የሚወርድበት ድረ ገጽ፣ ዶከር ሃብ፣ ሳይመዘገቡ ለሚያወርዱ በ6 ሰዓት 100 ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ የሚቆጥረውም በአይፒ (በኢንተርኔት አድራሻ) ነው። በሞባይል ኔትወርክ አንዱን አይፒ ብዙ ሰው ይጋራዋል። ነፃ አካውንት ከፍታችሁ ግቡ፣ ያልፋል።

ካልሆነ በፍላሽ። ፈጣን መስመር ያለው ጓደኛ ቢሮ ሄዳችሁ አውርዱ፣ «ዶከር ሴቭ» ኢሜጁን ወደ አንድ ፋይል ይለውጠዋል፣ እዚህ መጥታችሁ «ዶከር ሎድ» ነው። የሞዴሉንም ፎልደር እንዲሁ መገልበጥ ትችላላችሁ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ 64 ጊጋ ፍላሽ ይዤ ሄጄ «ቦታ የለም» አለኝ። ባዶ ፍላሽ! ለካ ፎርማቱ ፋት32 ኖሮ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት አድርጋችሁ ውጡ፣ የታክሲ ሒሳብ ታተርፋላችሁ።

ሶፍትዌሩ ላይ ብዙ ሞክሬ የተመለስኩት ኦላማና ኦፕን ዌብዩአይ ላይ ነው። ኦላማ ሞዴሉን ያስኬዳል፣ ኦፕን ዌብዩአይ ቻት የሚደረግበትን ገጽ ይሰጣል። ኤኒቲንግኤልኤልኤም ሰነድ አስገብቶ ከሰነዱ ለመጠየቅ ቀለል ይላል፤ ሥራችሁ እሱ ብቻ ከሆነ እሱን ውሰዱ። ኤልኤም ስቱዲዮ ለአንድ ሰው ላፕቶፕ ጥሩ ነው፣ ለቢሮ አልመርጠውም። ማክ ያላችሁ ደግሞ ኦላማን ከኮንቴይነር ውጭ አስኪዱት፤ ዶከር ውስጥ የማኩን ጂፒዩ (ግራፊክሱን) አያገኘውም። ዊንዶው ላይ ዶከር ከነደብሊውኤስኤል2 (ዊንዶው ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው) የራሙን ግማሽ ብቻ ነው የሚወስደው፣ ሴቲንጉን ካልነካችሁት። 32 ገዝታችሁ 16 ነው የምትነዱት። ስለዚህ በዊንዶው ፈንታ ኡቡንቱ ሊኑክስ ጫኑ።

ኦላማ በራሱ ፓስወርድ የለውም። 11434 የሚለውን ፖርቱን (በኔትወርክ የሚገባበትን በር) ወደ ውጭ አትክፈቱ፣ ኦፕን ዌብዩአይ ብቻ ከውስጥ ያናግረው። የኡቡንቱን ፋየርዎል ዘግቻለሁ ብላችሁም አትተኙ፤ ዶከር የሚከፍተው ፖርት ዩኤፍደብሊውን ዘሎት ያልፋል። ኦፕን ዌብዩአይ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የተመዘገበ ሰው አስተዳዳሪ ይሆናል። እናንተ ቅደሙ። አንድ ቢሮ ውስጥ ተለማማጁ ቀድሞኝ ስልጣኑን ለመንኩት።

የመጋዘኑ ጉዳይ ይኸውላችሁ። ኢሜጅ ላሻሽል ብዬ ኮንቴይነሮቹን የሚያወርደውን «ኮምፖዝ ዳውን» ስጽፍ በልማድ ከኋላው ሰረዝና «ቪ» ጨመርኩ። ያቺ «ቪ» ቮልዩሞቹንም አጥፉ ማለት ናት። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ሞዴሎቹ፣ አካውንቶቹ፣ እትዬ ለወራት ያጠራቀሟቸው የደብዳቤ ናሙናዎች እልም አሉ። «እትዬ፣ ትንሽ ጥገና ላይ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ናሙናዎቹን ከታተሙ ወረቀቶች ላይ እያየን መልሰን ጻፍናቸው፣ ቡናም አልቀረበልኝም። አሁን ቮልዩሙ ማታ ማታ ወደ ውጭ ሃርድዲስክ ይገለበጣል። ኢሜጁንም «ሌተስት» (የቅርብ ጊዜው) ብዬ አልተወውም፣ የቨርዥን ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ የሚሠራ ነገር በአንድ ሌሊት እንዳይለወጥብኝ።

አማርኛውስ? እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። የላማ 3.1 ሠሪዎች ይችላል ብለው የዘረዘሯቸው 8 ቋንቋዎች ናቸው፣ አማርኛ የለበትም። አንድ ትንሽ ሞዴል «ፓወር ኦፍ አቶርኒ»ን፣ ማለትም ውክልናን፣ «የጠበቃ ኃይል» ብሎ ተርጉሞልኛል። ጀማ 3 የሚባለው ሞዴል እኔ ካየኋቸው ይሻላል፣ ባለ 12 ቢሊዮኑ ደህና አረፍተ ነገር ያወጣል፣ ግን ይዘገያል። የሚዘገይበት ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ፊደላችን 3 ባይት ስለሆነ ብዙዎቹ ሞዴሎች አንዱን ቃል ሰባብረው ነው የሚያነቡት፤ እንግሊዝኛ በአንድ ቶክን የሚለውን አማርኛ በብዙ ይለዋል። እትዬ ቢሮ የሚሠራው ሥራ የእንግሊዝኛ ውል ማሳጠርና የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ማረም ነው። ማኅተም የሚያርፍበትን ትርጉም ሰው ነው የሚሠራው።

ክላውድ ላይ ለምን አታስቀምጠውም ላላችሁኝ፦ የውጭዎቹ ሰርቨር አከራዮች ሄትዝነርና ኮንታቦ ርካሽ ናቸው፣ ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ወረቀቱም ከአገር ይወጣል። አይሲቲ ፓርክ ያሉት ዳታ ሴንተሮች ራክሲዮና ዊንጉ የራሱን ሰርቨር ለሚያመጣ ድርጅት ናቸው፣ ለእኛ ጫማው ይሰፋል። የኢትዮ ቴሌኮሙ ክላውድ፣ ቴሌክላውድ፣ በብር መክፈል ለሚፈልግ አለ። 24 ሰዓት ሳይቋረጥ መሄድ ያለበት ሥራ ካላችሁ እሱን ጠይቁ።

ጭማሪ፦ «ቤት ሆኜ በስልኬ ልግባበት?» ላልከው ወንድሜ፣ ፖርት አትክፈት። ሁለቱን በሚስጥር መስመር የሚያገናኘውን ቴይልስኬል የተባለ ፕሮግራም ማሽኑም ስልክህም ላይ ጫን፣ በአንድ አካውንት ግባ፣ አለቀ። ብቻ ማታ ቢሮውን ስትዘጋ ዋናውን ማብሪያ አታጥፋ። እሱን ለጥበቃውም ንገራቸው፤ እኛ ጋ ሦስት ቀን ሲያጠፉብን ከርመው ነው የደረስንበት።