ልጄ ከጥብቅና ወደ ምርጫ ልትገባ ነው፤ ከዋርድ ትጀምር ወይስ ከስፕሪንግፊልድ?

እናት ከሮጀርስ ፓርክ

ጤና ይስጥልኝ። ቺካጎ የምትኖሩ፣ በተለይ ቆየት ያላችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር ላማክራችሁ።

ልጄ ጠበቃ ናት። ስድስት ዓመት ሆናት። ከቤት ይውጡ ተብለው የተከሰሱ ተከራዮችን ይዛ ፍርድ ቤት ትቆማለች። ማታ ስትመጣ ቦርሳዋ በሰው ወረቀት ጢም ብሎ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «እማዬ፣ ልወዳደር ነው» አለችኝ። ለከተማው ምክር ቤት ይሁን (ዋርድ የሚሉት የየሰፈሩ ምርጫ ክልል ማለት ነው) ስፕሪንግፊልድ ላለው ለኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ገና አልቆረጠችም።

እኔ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አባቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ብሏል። የእሱን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ከባድ ነው። ግን ልጄን ማስፈራራት አልፈልግም። ከየትኛው ብትጀምር ይሻላታል? የጥብቅና ሥራዋንስ ትተወው ወይስ ጎን ለጎን ታስኬደው?

ፊርማ ለቃሚው

እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። እኔ በ2023 ምርጫ ለአንዲት የከተማ ምክር ቤት ተወዳዳሪ ፊርማ ሳሰባስብ ነበር። ከባቡር ጣቢያ ደጅ ቆሜ፣ ብዕሩ በብርድ አልጽፍ ሲል እጄ ውስጥ እያሞቅሁ።

አልደርማን፣ ማለትም የከተማ ምክር ቤት አባል፣ ለመሆን ስሟ እንዲመዘገብ 473 ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ለግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት በአንዱ ትልቅ ፓርቲ በኩል ከሆነ ቢያንስ 500፣ ለሴኔቱ 1,000 ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ጣጣው የሚመጣው ተቀናቃኝ ጠበቃ ቀጥሮ እያንዳንዷን መስመር ሲያስመረምር ነው። ፈራሚው የዚያ ዋርድ ነዋሪ ካልሆነ ይሰረዛል። አድራሻው መዝገብ ላይ ካለው ካልገጠመ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ከሚፈለገው ሦስት እጥፍ ለቅመን ነው ያስገባነው።

ኦባማ በፈረንጅ 1996 ለኢሊኖይ ሴኔት ሲወዳደር የተቀናቃኞቹን ፊርማ አስመርምሮ፣ አንድም ሳይቀር ከፓርቲው ምርጫ ወጥተው ብቻውን ቀርቷል። እሱም ጠበቃ ነበር። ልጅዎ ወረቀት ማንበብ መልመዷ እዚህ ላይ በጣም ይረዳታል።

የድሮ ታክሲ ነጂ

እህቴ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ነገሩ ልቤ ውስጥ ስላለ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

እኔ በሱዳን በኩል ቺካጎ የገባሁት በ1983 መጀመሪያ፣ በበረዶው ነው። ታክሲ ከመያዜ በፊት መሀል ከተማ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ሒሳብ የምትቀበል አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። አንድ ጠዋት ከኮቷ ላይ ሰማያዊ ባጅ ነቅላ ደረቴ ላይ ሰካችልኝ። ነጭ የፀሐይ ጨረር ያለበት፣ በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ጥቁር የቺካጎ ከንቲባ የሆነው የሃሮልድ ዋሽንግተን ምልክት ነው። መምረጥ እንደማልችል በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኳት። «አንተ ልበሰው፣ እኔ እመርጣለሁ» አለችኝ። ባጁ ዛሬም አለኝ። የኋላ መርፌው ዝጎ ቡናማ ሆኗል።

ሰው ስለ ሃሮልድ ሲያወራ ከከንቲባነቱ ይጀምራል። ለልጅሽ የሚበጃት ግን ከዚያ በፊት ያለው 30 ዓመት ነው። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ በዚያው ላይ የዲሞክራቶች ፕሪሲንክት ካፒቴን። ይህ ማለት በየደጁ እየዞረ ማን ሥራ እንደፈታ፣ የማን ቆሻሻ እንዳልተነሣ የሚያውቅ ሰው ነው። ሃሮልድ በ1952 ከኖርዝዌስተርን ሕግ ጨረሰ። አባቱ ሲሞቱ ያንን የሰፈር ሥራ ተረከበ። ለግዛቱ ምክር ቤት የተመረጠው በ1964 ነው። በዚያ ዓመት የምርጫ ክልሎችን እንደገና ማካለል ላይ ስላልተስማሙ 177ቱም መቀመጫዎች በአንድ ወረቀት ላይ፣ በመላው ግዛት ድምፅ ተሰጠባቸው። ወረቀቱ 84 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም «የአልጋ አንሶላ» አሉት። ከዚያ 16 ዓመት ስፕሪንግፊልድ ተመላለሰ። የማርቲን ሉተር ኪንግ ልደት በኢሊኖይ በዓል እንዲሆን ከታገሉት ዋናው እሱ ነው። በ1973 ሕግ ሆነ፤ አገሪቱ በሙሉ ከመቀበሏ አሥር ዓመት ቀድሞ።

አሁን ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ የማልደብቅሽ ነገር አለ። ሃሮልድ በስፕሪንግፊልድ ሥራ ተጠምዶ ሳለ የጥብቅና ሥራው ተበላሸ። ከደንበኞች ገንዘብ ተቀብሎ ሥራቸውን ባለመሥራቱ በ1970 ፈቃዱ ታገደ። በ1972 ደግሞ የግብር ወረቀት ሳያስገባ በመቅረቱ ከአንድ ወር በላይ ታሰረ። የተደበቀ ሀብት አልነበረውም። ጉዳዩን ችላ ብሎ ነው።

ይህ ነገር እኔን የሚያመኝ ለምን መሰለሽ? ወንድሜን ከካርቱም ለማምጣት ለአንድ ጠበቃ 600 ዶላር ከፍዬ ነበር። የሌሊት ፈረቃ የሠራሁበት ገንዘብ ነው። «ገብቷል፣ ጠብቅ» ይለኝ ነበር። ከዓመት በኋላ ራሴ ሄጄ ስጠይቅ ፋይሉ ከመሳቢያው አልወጣም። ወንድሜ እዚያው ሙቀት ውስጥ ሁለት ዓመት ጨመረ። ያ ጠበቃ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ በዝቶበት ነበር። እኔ ግን የወንድሜን ደብዳቤዎች እያነበብሁ ነው ያሳለፍኩት።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው። ልጅሽ ዘመቻ ከመጀመሯ በፊት የያዘቻቸውን ፋይሎች ትቁጠር። ልትጨርሰው የማትችለውን ለሌላ ጠበቃ፣ ሰውየውን አስቀምጣ፣ በእጅ ታስረክብ። አዲስ ጉዳይ አትቀበል። በ1983 የሃሮልድ ተቀናቃኝ በርናርድ ኤፕተን፣ ራሱ ጠበቃና የግዛቱ ምክር ቤት አባል የነበረ፣ ያንን የድሮ ጥፋት ነው በየቀኑ ያወጣበት። ሃሮልድ ለጥቂት አሸነፈ። ያ ፋይል ባይኖር እንዴት ያለ ምርጫ ይሆን ነበር እላለሁ።

ከየት ትጀምር ላልሽው፣ የምትፈልገውን ሕግ ማን እንደሚያወጣው ትይ። ከተማው ውስጥ 50 አልደርማን አሉ። ሃሮልድ ከንቲባ ሲሆን 29ኙ ተባብረው ሥራ አስፈቱት፤ ከእሱ ጋር 21 ብቻ ነበሩ። ነገሩን የፈታው ፍርድ ቤት ነው። የዋርዶቹ ክልል ጥቁሮችንና ላቲኖዎችን ይጎዳል ተብሎ በ1986 በሰባት ዋርዶች ምርጫ ተደገመና 25 ለ25 ሆኑ። እኩል ሲሆኑ ደግሞ የሚለየው የከንቲባው ድምፅ ነው። ልጅሽ ችሎት ላይ የምትጠቅሰው የቺካጎ የአከራይና ተከራይ ደንብ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ዋና ገፊው የእናንተው የሮጀርስ ፓርክ አልደርማን ዴቪድ ኦር ነበሩ። ኪራይ ላይ ጣሪያ ይደረግ የምትል ከሆነ ግን አልደርማን ሆና አትችልም። ከ1997 ጀምሮ የግዛቱ ሕግ ከተሞችን ይከለክላል። ለዚያ ስፕሪንግፊልድ መሄድ አለባት።

ከደቡብ ሰፈር

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ሌላውን ጎን ልጨምር። ሥራ የበዛበት ቢሮ ብቻ ሳይሆን ገበያ የደራለት ቢሮም ያሰጋል። ያን ጊዜ ሃሮልድን ከተቃወሙት መሪዎች አንዱ ኤድ በርክ ጠበቃ ነበር፤ የሕንፃ ግብር የሚያስቀንስ ቢሮ ነበረው። 54 ዓመት አልደርማን ሆኖ ኖረ። ከከተማው ጉዳይ ያላቸውን ባለሀብቶች ሥራቸውን ለቢሮው እንዲሰጡ ሲጫን ተይዞ በ2023 ጥፋተኛ ተባለ፤ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ልጅዎ ከተመረጠች የግል ጥብቅናውን ሙሉ በሙሉ ብትዘጋው ይሻላታል ባይ ነኝ። ደመወዙ ያኖራል።

እናት ከሮጀርስ ፓርክ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የወንድምዎ ነገር ላይ ስደርስ ተነሥታ ቦርሳዋን አመጣች። ፋይሎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና ቆጠረች። 38 ናቸው። ከመካከላቸው 11ዱን ከዘመቻ ጋር እንደማትችላቸው ለየች። እያንዳንዱን ሰው ደውላ ልታነጋግር ነው፤ ዛሬ ሁለቱን አነጋግራለች።

ወደ ስፕሪንግፊልድ አዘንብላለች፤ ለኪራዩ ስትል። ባጁንም ማየት እፈልጋለሁ ብላለች። ቅዳሜ ቡና አፍልቼ ብጠብቅዎት ይመጣሉ?

አባቷ ፋይሎቹ ሲቆጠሩ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያልቅ መነጽሩን አወለቀና «ፊርማው የሚለቀመው የት የት ነው? እኔ ዴቮን ጎዳና ላይ ልቆም እችላለሁ» አላት።