የልብ ቫልቭ ከተቀየረልኝ 4 ወር ሆነኝ፤ ጾሙ ገባ፣ ጎመኑን ምን ላድርገው?

ጠያቂዋ፣ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁም። 27 ዓመቴ ነው። ልጅ ሆኜ ቶንሲል ይመላለስብኝ ነበር፤ ለካ ውሎ አድሮ ልቤን ነክቶት ኖሯል። ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ተበላሽቶ አዲስ አበባ በሰው ሠራሽ ተቀየረልኝ። ተመስገን፣ በሦስት ትራስ ተደግፌ የማድረው ሴትዮ አሁን አንድ ይበቃኛል። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ማታ ማታ እውጣለሁ፤ አይኤንአሬ (ደሜ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር) ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት ተብያለሁ።

ያስቸገረኝ ይህ ነው። በሁዳዴ እኛ ቤት ቆጮና ጎመን ከገበታ አይጠፋም። አንዷ «ጎመን እንዳትነኪ» አለችኝ፣ ሌላው «ብይ» አለኝ። ደግሞ ማታ ሰው ሁሉ ሲተኛ ደረቴ ውስጥ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ባለቤቴም ይሰማዋል። እንቅልፍ ነሳኝ። ጥርሴን ስፍቅም ድዴ ይደማል። ያለፈበት ሰው ይመልስልኝ።

11 ዓመት በቫልቭ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ጎመኑን ብይ፣ ግን ለክተሽ ብይ። ጉበታችን ደም የሚያረጋውን ነገር የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው፤ ዋርፋሪን ደግሞ ያንን ሥራ ይይዘዋል። ጎመን ቫይታሚን ኬ የሞላው ቅጠል ስለሆነ ሲበዛ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሰዋል። ሰላጣና ሽፈራውም እንደዚያው ናቸው።

የእኔን የመጀመሪያ ዓመት ልንገርሽ። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ጎመን ስበላ አይኤንአሬ 1.6 ወረደ፤ ሐኪሜ መድኃኒቱን ጨመረልኝ። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮውና ሥጋው ተተካ፣ ጎመኑን ረሳሁት፤ የተጨመረው መድኃኒት ግን እንዳለ ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት አፍንጫዬ ነስሮ አልቆም አለ። ሆስፒታል ስንደርስ ከ5 በላይ ሆኗል። ያኔ ነው ጉዳዩ የጎመን መብላትና አለመብላት እንዳልሆነ የገባኝ፤ ሰውነትን የሚያናጋው መዋዠቁ ነው። አሁን በጾምም በፍስክም በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ጭልፋ። ጾም ሲገባና ሲፈታ ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ እለካለሁ።

ደግሞ ወጣት ነሽና ልጅ ካሰብሽ ሳትፀንሺ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱን ይጎዳል፤ ቀድሞ መመካከር ያስፈልጋል። እንዲሁ በድንጋጤ ማቋረጥ ደግሞ ለአንቺ አደጋ ነው።

ባጃጅ ነጂው

ድምፁ የቫልቩ ክፍሎች ሲዘጉ የሚሰማ ነው፣ ጤናማ ነው። ቀጭን ሰው ላይ ይበልጥ ይሰማል። እኔ ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ ከፍቼ ነበር የምተኛው፤ በዓመቱ ረሳሁት። አሁን ትንሿ ልጄ ደረቴ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ እሱን እየሰማች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። መደንገጥ ያለብሽ ድምፁ ድንገት ከታፈነ ወይም ከጠፋና ትንፋሽ ካጠረሽ ነው፤ ያኔ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል።

ነርስ ነኝ፣ ታቦር አካባቢ

«ስፍቅ» ካልሽ በመፋቂያ ነው መሰለኝ። እንጨቱ ድድ ይወጋል፤ በለስላሳ ብሩሽ ቀይሪው። ጥቂት ደም ሆኖ ቶሎ ከቆመ አያሰጋም፤ ያም ሆኖ ሰሞኑን ተለኪ። ሰገራሽ ከጠቆረ፣ ጭንቅላትሽን ከተመታሽ፣ ፊትሽ ከተጣመመ ወይም ምላስሽ ከተሳሰረ ግን ደቂቃ አትጠብቂ።

ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻልሻል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ሐኪም ሳያዝልሽ አትውሰጂ። ባክትሪምና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉት አንቲባዮቲኮችም አይኤንአርን ከፍ ያደርጋሉ፤ ፋርማሲ ስትገቢ መጀመሪያ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» በይ። ጥርስ ከማስነቀልሽ በፊት ቫልቭ እንዳለሽ ተናገሪ፣ ቀድሞ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ አለ። ትኩሳት ከያዘሽም ደም ሳይመረመር በራስሽ አንቲባዮቲክ አትጀምሪ፤ ቫልቩ ላይ የተቀመጠውን ጀርም ይሸፍነዋል።

ብዙዎች «ተቀየረልኝ» ብለው የሚተዉት ደግሞ የፔኒሲሊኑን መርፌ ነው። በየ28 ቀኑም ይሁን በየ21 ቀኑ የታዘዘልሽን አትተዪ፤ የቀሩት ቫልቮች የራስሽ ናቸው፣ መርፌው የቶንሲሉ ሕመም ተመልሶ እነሱንም እንዳይጎዳ ነው። የምትወጋሽ ነርስም ዋርፋሪን ላይ መሆንሽን ትወቅ፣ ቦታውን ቆየት አድርጋ ትጫነዋለች።

እናት፣ ከመናኸሪያ

ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የወንድሜ ልጅ እንዳንቺ ቫልቭ ተቀይሮለት ሰላም ነበር። ጸበል ገባና እዚያ ያሉ ሰዎች «እምነትህ ይጎድላል» ቢሉት መድኃኒቱን ተወው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጠዋት ሲነሳ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፣ መናገር አቃተው። ደም ረግቶ ወደ አንጎሉ ሄዶ ነው አሉን። ዛሬም ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። የንስሐ አባታችን ሲሰሙ አዝነው «መድኃኒትም የእግዚአብሔር ነው፣ ማን ተው አለው?» አሉ። ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ። ከዚህ ሌላ የምለምንሽ ነገር የለም፣ እባክሽ።

ጠያቂዋ

እማማ፣ ሳነብ እንባዬ መጣ። እግዜር ይማረው።

ዛሬ ተለካሁ፣ 1.9 ሆኖ አገኘሁት፤ ለካ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ በየቀኑ ጎመን በልቻለሁ። ሐኪሙ መጠኑን ትንሽ ጨምሮ በሳምንት ውስጥ ተመለሺ አለኝ። ከእንግዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ አንድ ጭልፋ፤ በሌላው ቀን ቆጮውን በሽሮ። አንድ ማታ ብረሳስ ምን ላድርግ?

11 ዓመት በቫልቭ

በዚያው ቀን ካስታወስሽ ዋጪው። ቀኑ ካለፈ ተይውና የማግስቱን ብቻ ውሰጂ፤ ሁለት ደርበሽ እንዳትውጪ። ደብተር ያዢና የረሳሽበትን ቀን ጻፊው፤ ሐኪሙ ሲያስተካክል ይጠይቅሻል።