ህንድ ውስጥ ስለ ካስት መረጃ መሰብሰብ አቃተኝ

ፑኔ ከተማ የማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ የአመልካቾች ካስት (በትውልድ የሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ) በግል ድርጅቶች ቅጥር ላይ ስላለው ተጽዕኖ ነው። ርዕሱን የመረጥኩት እዚህ ማደሪያ ውስጥ ካየሁት ተነስቼ ነው፤ የቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ ካስትን ስለሚጠቁም፣ አዲስ ተማሪ ስሙን ሲናገር ወዲያው «የቤተሰብ ስምህስ?» ይባላል፤ ከመልሱ በኋላ የጠያቂው ፊት ሲለዋወጥ ለእንግዳ ሰው እንኳ ይታያል።

ሕጉን አንብቤዋለሁ። የ1950ው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ሰውን «አይነኬ» ማድረግን ይከለክላል። በማዕከላዊ መንግሥት ኮሌጆችና መሥሪያ ቤቶች ቀድሞ «አይነኬ» ይባሉ ለነበሩት ዳሊቶች 15 በመቶ፣ ለነባር ጎሳዎች 7.5 በመቶ፣ ኋላ ቀር ተብለው ለተመደቡ ሌሎች መደቦች 27 በመቶ ቦታ ይያዛል። የግል ድርጅቶች ግን ይህን ኮታ የመጠበቅ ግዴታ የለባቸውም፤ ጥናቴም ያተኮረው እዚያው ላይ ነው።

መጠይቅ በተንኩ፤ የካስት ጥያቄው ባዶውን ተመለሰ። የቅጥር ኃላፊዎችን አነጋገርኩ፤ «እኛ የምናየው ችሎታን ብቻ ነው» ብለው ወሬውን ዘጉት። በኮታ የገባ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሻይ እየጠጣን ብዙ አጫውቶኛል፤ ሦስተኛ ሰው ሲቀላቀለን ግን ወሬውን ወደ ክሪኬት ያዞረዋል። አማካሪዬ መረጃ ካጣህ ርዕስህን ቀይር ብለውኛል። እኔ ግን ልተወው አልፈልግም፤ ጉዳዩ የሰዎች እንጀራ ነው።

ህንድ ውስጥ የመስክ ጥናት የሠራችሁ፣ መላሾቹን ሳላሳፍርና በሥራቸው ላይ ችግር ሳላመጣባቸው ካስታቸውን ማወቅ የምችለው በምን ዓይነት አጠያየቅ ነው?