ትንንሽ ልጆችና አማት ላሉበት ቤት የሚስማማ ትንሽ ቴሪየር የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። ልጆቼ ውሻ እንዲመጣላቸው መወትወት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ሴቷ 10 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ገና 5። የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን የኪራይ ውላችን ትንሽ ውሻ ይፈቅዳል። ልጄ ልቧ ያረፈው ዮርክሻየር ቴሪየር ላይ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ጃክ ራስል ይሻላል ይላል።

አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያደጉት ውሻ ከደጅ በሚያድርበት አገር ነውና መጀመሪያ “ጸሎት በሚደረስበት ቤት?” ብለው ነበር። አሁን ለልጆቹ ሲሉ ለስለስ ብለዋል፤ እኔ ግን ቅር እንዲላቸው በፍጹም አልፈልግም። እኔና ባለቤቴ በፈረቃ ስለምንሠራ ቤቱ ባዶውን የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው።

የትኛውን ዝርያ ትመክሩኛላችሁ? ከየትስ ይገኛል? ወንዱ ልጄ አቧራ ሲነካው ያስነጥሰዋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሚስማማ ውሻ አለ ወይ? ከእኛ ምግብስ መስጠት ይቻላል?

መልስ፦ የዮርኪ አሳዳጊ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ዮርኪ አለኝ፤ እጅግም እወደዋለሁ። ቢሆንም ለ5 ዓመት ወንድ ልጅ አልመክርሽም። ዮርኪ ሲያድግ ክብደቱ ከ3 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። እግሩ ቀጭን ስለሆነ ከሶፋ ሲዘል ወይም ከልጅ እጅ ሲያመልጥ ሊሰበር ይችላል። ልጅሽ ክፉ ሆኖ ሳይሆን እቅፍ አድርጎት ሲሮጥ አንድ ጊዜ ቢወድቅ ይበቃል። ልጅቷ ብቻዋን ብትሆን ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር።

ከወሰናችሁ ግን እነዚህን እወቁ። የመተንፈሻ ቧንቧው ደካማ ስለሆነ ማሰሪያው አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ የሚታሰር ይሁን። ጥርሱ ቶሎ ይበላሻል፤ በየቀኑ ለውሻ በተሠራ የጥርስ ሳሙና መቦረሽ አለበት፤ የሰው ሳሙና አይሆንም። ፀጉሩ እንደ ሰው ፀጉር ማደጉን አያቆምም፣ ካልተበጠረ ይቋጠራል። ቡችላ ሳለ ደግሞ ከምግብ ርቆ ከቆየ የደሙ ስኳር ይወርድና ይዝለፈለፋል፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ መመገብ ይኖርበታል። “ከኪስ የምትገባ” እያሉ ከተለመደው መጠን በጣም አሳንሰው የሚሸጧቸውን ደግሞ ፈጽሞ እንዳትገዙ። እነዚያ ብዙ ጊዜ በሽተኞች ናቸው፤ እንዲህ አድርጎ የሚያራባም ሰው ሊበረታታ አይገባም።

መልስ፦ ከኤድንብራ (ስኮትላንድ)

በዮርኪው ነገር ከእህታችን ጋር እስማማለሁ። ስለ ጃክ ራስል እኔ ልጨምር። ይህ ውሻ በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ዴቨን በነበሩ ጆን ራስል በተባሉ ቄስ የተጀመረ፣ ቀበሮን ከጉድጓዱ እንዲያስወጣ የተመረጠ ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮጥ አይደክመውም። እርሻ ወይም ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ግሩም ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከተቀመጠ ግን ጉልበቱን የሚያወጣው በጩኸትና በበር መቦጨቅ ነው። ጎረቤት ይማረራል፣ ውሻውም ይጨነቃል። ባለቤትሽን ይህን አስረጂው።

የእኔ ምክር ኬርን ቴሪየር ነው። የዚህ የስኮትላንድ ደጋ ውሻ ነው፤ በድንጋይ ክምር መካከል ቀበሮና አቆስጣ ሲያድን የኖረ። ክብደቱ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ነው፤ ልጅ ሲዳብሰው የማይሰበር፣ ግን በአንድ እጅ የሚነሳ። ከዌስቲ (ዌስት ሃይላንድ ዋይት ቴሪየር) ጋር የአንድ አገር ዘመዳሞች ናቸው፤ ዌስቲ ነጭ ነው፣ የቆዳ አለርጂ ግን ያስቸግረዋል፤ ለእርሱ ሕክምና የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ሁለቱም ከ12 እስከ 15 ዓመት ሊኖሩ ስለሚችሉ ሴት ልጅሽ ከቤት ከወጣች በኋላም ውሻው የአንቺ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ከአሁኑ አስቢበት።

ኬርንም ቢሆን ቴሪየር፣ ማለትም ለአደን የተራባ ውሻ ነው። ሽኮኮ ካየ ስሙን ብትጠሪው አይሰማሽም። ስለዚህ ካልታጠረ ቦታ ማሰሪያውን አትፍቺ፤ በደንብ የሠለጠነ ቢሆንም። ጠዋትና ማታ በእግር ማንሸራሸር ግድ ነው። ከዚያ ውጪ አፍንጫውን አሠሪው፤ ደረቅ ምግቡን በፎጣ ጠቅልለሽ ወይም በየጥጉ ደብቀሽ እንዲፈልግ ማድረግ ከሩጫ ባልተናነሰ ያደክመዋል፤ ልጆቹም ይወዱታል። ሥልጠናው በቁጣ አይሆንም። ቴሪየር ሲጮኹበት ልቡ ይደነድናል። ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ በትንሽ ጉርሻ፣ በቀን ደጋግሞ ማለማመድ ይበቃል። ፀጉሩ በየሳምንቱ ይበጠር፤ የሞተውን የላይኛውን ፀጉር በጣት የሚነቅል ባለሙያ ካገኘሽ ከመላጨት ይሻላል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም (አዲስ አበባ)

በቢሾፍቱ የተማርኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለ ምግቡ የጠየቁት ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ የእኛ ማዕድ ቤት ለውሻ አደገኛ ነውና።

ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ጥሬው፣ የተቁላላው፣ ደርቆ የተፈጨው ሁሉም ያው ነው፤ እሳት መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ሥጋውን ከወጥ አውጥቶ አጥቦ መስጠት አያድንም። ቁሌቱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁም ነጭ ሽንኩርት ይገባባቸዋል። 6 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በየቀኑ የሚሰጥ ፍትፍት እየተጠራቀመ ይጎዳዋል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በዚያው ቀን ሳይሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ይደክመዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ሰው ምን እንደበላ አያስታውስም።

የዶሮ አጥንት ከተቀቀለ በኋላ እንደ ስንጥር ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። በበዓል የሚተርፈው ቅቤ የበዛበት ወጥ ቆሽቱን ያሳብጣል። ቡናም መርዝ ነው፤ ጥሬው፣ የተቆላው፣ አተላውም ጭምር። ቡና ሲለቀም ወለል ላይ የወደቀውን ፍሬ ልጆቹ ይልቀሙ። ከቆሎ ጋር ዘቢብ የሚቀላቅሉ ከሆነ ዘቢብ ኩላሊቱን ያበላሻል። ለዳቦ የተቦካ ሊጥ ከሆዱ ገብቶ ይነፋል፣ አልኮልም ያመነጫል። ቸኮሌትና ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካም እንዲሁ አደገኛ ናቸው። ከእጅዎ መስጠት ካማረዎ ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ አጥንት የሌለው ዶሮ ይስጡት። ዋናው ምግቡ ግን ለዕድሜውና ለክብደቱ የተዘጋጀ የውሻ ምግብ ይሁን። የተከለከለ ነገር ከበላ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። በአሜሪካ ቀን ከሌት የሚሠራ፣ በክፍያ የሚያማክር የእንስሳት መመረዝ የስልክ አገልግሎት አለ፤ ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉት።

ክትባቱን በተመለከተ፣ ቡችላ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከዚህ ተለይቶ ይሰጣል። እዚህ አገር ይህ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ አማትዎ ውሻን የሚጠነቀቁት ያለ ምክንያት አይደለም። የተከተበ መሆኑን በወረቀት ቢያሳዩአቸው ፍርሃታቸው የሚቀል ይመስለኛል። ለልጆቹም የማያውቁት ውሻ ከነከሳቸው ወይም ከቧጨራቸው ሳይደብቁ እንዲናገሩ ያስተምሯቸው። ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና ወደ ሐኪም ይኬዳል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው አነበብኩላቸው፤ ስለ ቡናው ሲሰሙ ደነገጡ። ቡና የሚፈላው ምንጣፍ ላይ ነው፣ የከሰል ምድጃውም መሬት ላይ ነው። ይህንን እንዴት እናድርገው?

መልስ፦ ከሲያትል

ልጄ፣ እኔም በአማትሽ ዕድሜ ነኝ። ልጄ ቤት ቴሪየር አለ። ቡና ሲፈላ ውሻው በትንሽ አጥር ከሌላው ክፍል ይከለላል፤ ለሕፃናት ደረጃ ላይ የሚደረገው ዓይነት አጥር ነው። ረከቦቱና ምድጃው ተነስተው፣ ወለሉ ተጠርጎ እስኪያልቅ አይከፈትለትም። የሚታኘክ ነገር ከሰጡት ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሥዕለ አድኅኖ ያለበትና ጸሎት የሚደረስበት ክፍል በሩ ይዘጋ። ይህን ውሻው ከመምጣቱ በፊት ለአማትሽ ቃል ግቡላቸው፤ ልጆቹም ይወቁት። ውሻውን እንዲነኩ፣ እንዲያበሉ፣ እንዲያወጡ አትጠይቋቸው። በጾም ደግሞ የሥጋ ሽታ ያለው ምግብ ሳሎን ውስጥ አይቀመጥ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጉልበታቸው ነው። ትንሽ ውሻ እግር ሥር ይገባል፤ በጨለማ ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ቢያደናቅፋቸው ዳሌ ይሰበራል። አንገቱ ላይ ትንሽ ቃጭል እሰሩለት። ሌሊት የሚያድርበት ቦታ የተዘጋ ይሁን። በመተላለፊያው ላይ የምሽት መብራት አድርጉ።

መልስ፦ የውሻ መጠለያ በጎ ፈቃደኛ (ሜሪላንድ)

ከየት ይገኛል ላልሽው፦ በሜሪላንድ የቤት እንስሳት መደብሮች ውሻና ድመት እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሕግ ተከልክለዋል። ስለዚህ ያለሽ ምርጫ መጠለያ፣ ለአንድ ዝርያ ብቻ የሚሠራ የአሳዳጊ ፈላጊ ማኅበር፣ ወይም በቀጥታ አርቢው ዘንድ መሄድ ነው። አርቢ ከሆነ እናቲቱን ባለችበት ቤት ሳታዪ፣ ቡችላው 8 ሳምንት ሳይሞላው አትቀበዪ። በመኪና ማቆሚያ ላይ ላስረክብሽ የሚልሽን ተዪው።

ለእናንተ ቤት ግን ከቡችላ ይልቅ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሞላው ውሻ እመርጣለሁ። ጠባዩ ታውቋል፤ ከልጅና ከሽማግሌ ጋር መኖር መቻሉን መጠየቅ ይቻላል፤ ውጭ መሽናትንም ለምዶ ሊሆን ይችላል። ቡችላ ከሦስተኛ ፎቅ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር መውረድ ይፈልጋል፤ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ከባድ ነው። የቴሪየር ድብልቅ በመጠለያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ንጹሕ ዝርያ ካልሆነ ብላችሁ አትለፉት።

የልጅሽ ማስነጠስ እስካሁን አልተመለሰም። ሙሉ በሙሉ ከአለርጂ ነጻ የሆነ ውሻ የለም፤ አለርጂ የሚያመጣው ከቆዳው ቅርፊት፣ ከምራቁና ከሽንቱ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ፀጉሩን የማያራግፍ ውሻም ቢሆን ይህን ፕሮቲን ያመነጫል። ከመፈረምሽ በፊት የልጅሽን ሐኪም አማክሪ፤ ልጁም ከዚያው ውሻ ጋር በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ ይቀመጥ። ዓይኑ ከቀላ ወይም ደረቱ ከተዘጋ ያኔ መተው ይሻላል፤ ከወሰዱ በኋላ መመለስ ለልጁም ለውሻውም ያሳዝናል።

4 ወር ለሞላው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሕግ ግዴታ ነው፤ የሞንጎመሪ ካውንቲ ፈቃድም ያስፈልገዋል። በእኛ አካባቢ መዥገር የላይም በሽታ፣ ትንኝ ደግሞ የልብ ትል ያስተላልፋሉ፤ የመከላከያውን መድኃኒት ሐኪሙ እንዳዘዘው አታቋርጡ።

መልስ፦ ከዳላስ

አንድ ነገር ብቻ። ለክረምት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ይዛችሁት ልትሄዱ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ለእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች መድባታለች። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በወጣው ደንብ ተመላሹ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ) ያለው መሆን አለበት፤ በአሜሪካ መከተቡን የሚገልጸው ቅጽም ከመነሳታችሁ በፊት በመንግሥት መጽደቅ አለበት። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሊሟላ አይችልም። ለአጭር ጉዞ ከሆነ እዚሁ ለሚጠብቅላችሁ ሰው መተው ይቀላል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተነጋገርን፤ ዮርኪውም ጃክ ራስሉም ቀርተዋል። ቅዳሜ መጠለያ ሄደን ኬርን የተቀላቀለባት የአራት ዓመት ሴት ውሻ እናያለን። ወንዱ ልጄም አብሮ ይመጣል። አማቴ የጸሎት ክፍላቸው በር መዝጊያ እንዲጠገን ጠይቀው ባለቤቴ ዛሬ ሠርቶታል። የመጀመሪያውን ሌሊት የት ትደር?

መልስ፦ የውሻ መጠለያ በጎ ፈቃደኛ (ሜሪላንድ)

ከአንዳችሁ አልጋ አጠገብ፣ በሩ በሚዘጋ የውሻ ሣጥን ውስጥ። ከመጠለያው ያገለገለ ጨርቅ ለምኑና አንጥፉላት፤ የምታውቀው ሽታ ያረጋጋታል። የለመደችውን ምግብ ስም ጠይቁ፤ መቀየር ካስፈለገ ከአዲሱ ጋር እየቀላቀላችሁ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን፤ አለበለዚያ ሆዷ ይታወካል። ልጆቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርሷ ወደ እነርሱ እስክትመጣ ይጠብቁ፤ ስትበላና ስትተኛ አይንኳት። ከዘመድ ወዳጅ ማንም ለማየት አይምጣ፤ ሁለት ሳምንት ይቆይ።