ኮይምብራ (ፖርቱጋል)፦ ዳገቷን ከላይ ልጀምር ከታች? የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓትስ?

ሰብለ ጠየቀች፦

ሰላም ለዚህ ቤት። በፈረንጆቹ ኤፕሪል መጨረሻ ከእናቴ ጋር ፖርቱጋል እንገባለን። ሊዝበን ሳናድር ከኤርፖርት በቀጥታ ኮይምብራ ሄደን፣ አንድ ሌሊት አድረን፣ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ወደ ፖርቶ ለመቀጠል አስበናል። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ሜዳ ላይ እንደ ልቧ ትሄዳለች፣ ደረጃ ሲበዛ ግን ጉልበቷን ያማታል። ጥያቄዎቼ፦

የትኛው ባቡር ጣቢያ ነው የሚወረደው? ካርታው ላይ ሁለት ኮይምብራ አያለሁ። ዩኒቨርሲቲው ኮረብታው አናት ላይ ስለሆነ ከታች ወደ ላይ ይሻላል ወይስ ከላይ ወደ ታች? የዮአኒና ቤተ መጻሕፍት ትኬት ሰዓት አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቢያልፈንስ? ደግሞ ጉዞውን ወደ ሜይ ብናዞረው ምን እናተርፋለን?

ሐዲድ መለሰ፦

እህት ሰብለ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጣቢያው ላይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። የምትወርዱት «ኮይምብራ-ቤ» በሚባለው ነው። መሃል ከተማ፣ ወንዙ ዳር የምታዪው «ኮይምብራ-አ» እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ለባቡር ተዘግቷል። የቆዩ የጉዞ መመሪያዎች «ቤ ላይ ወርዳችሁ ትንሿን ባቡር ቀይሩ» ይላሉ፤ ያቺ ባቡር አሁን የለችም። ከቤ እስከ መሃል ከተማው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሜዳ ቢሆንም ሻንጣ ይዛችሁ አትድከሙ፣ ታክሲ ያዙ።

ከኤርፖርት ወደ ሊዝበን መሃል መግባት አያስፈልጋችሁም። ከኤርፖርቱ በሚነሳው ቀዩ የሜትሮ መስመር ሦስተኛው ፌርማታ ኦሪየንቴ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚሄዱት የሩቅ አገር ባቡሮች እዚያ ይቆማሉ። አልፋ ፔንዱላር የሚባለው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ኢንተርሲዳዴስ 2 ሰዓት ገደማ። ለዚች ልዩነት ብላችሁ ውዱን መግዛት አይታየኝም፤ ለሚስማማችሁ ሰዓት ቅርብ የሆነውን ያዙ። በሁለቱም ወንበር በቁጥር ነው። ትኬቱ ላይ የፉርጎ ቁጥርና የወንበር ቁጥር ለየብቻ ተጽፈዋል፤ ባቡሩ ብዙ ስለማይቆም ሻንጣ እየጎተቱ ፉርጎ ለፉርጎ መፈለግ አይሆንም። ፉርጎው የት እንደሚቆም ቀድማችሁ የጣቢያውን ሠራተኛ ጠይቁ።

ቀደም ብሎ ለገዛ ጥሩ ቅናሽ አለ፤ ነገር ግን የቅናሽ ትኬት የሚሠራው ለተቆረጠለት ባቡር ነው። አውሮፕላን ከዘገየና የፓስፖርት ሰልፉ ከረዘመ ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው። በማረፊያችሁና በባቡሩ ሰዓት መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑር። ስትገዙ የፓስፖርት ቁጥር ይጠየቃል፤ ተቆጣጣሪ «አሳዩኝ» ቢል እንዲገኝ ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት።

የባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ እዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። «ግሬቭ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አውቶቡስ አለላችሁ፦ ከሊዝበን ሴቴ ሪዮስ መናኸሪያ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የኮይምብራ አውቶቡስ ጣቢያ ደግሞ ከባቡሩ ይልቅ ለመሃል ከተማ ይቀርባል። ወደ ፖርቶ ስትቀጥሉ የምትወርዱት ካምፓንያ ላይ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

ማደሪያ ታችኛው ከተማ ይሁን፤ «ባይሻ» ይሉታል። ላይኛው፣ «አልታ»፣ ቆንጆ ቢሆንም ከእራት በኋላ ዳገቱን መልሶ መውጣት አለ፤ ደግሞም ባለ ጎማ ሻንጣ በዚያ ኮብልስቶን ላይ አይሄድም።

ጥቁር ካባ መለሰ፦

የቤተ መጻሕፍቱን ሰዓት እኔ ልመልስ፤ ቀናችሁን የሚያደራጀው እሱ ነውና። መጀመሪያ እሱን ቁረጡ፣ ሌላው ሁሉ በዙሪያው ይሰካል።

ዮአኒና እ.ኤ.አ. ከ1717 እስከ 1728 በንጉሥ ዡዋው 5ኛ ዘመን የተሠራ ነው። ግድግዳው ከ2 ሜትር በላይ ውፍረት አለው፣ በሩ የቲክ እንጨት ነው፣ ሁሉም ውስጡ ያለው አየር እንዳይለዋወጥ ታስቦ። መደርደሪያዎቹ መካከል የሌሊት ወፎች ይኖራሉ፤ ሌሊት ወጥተው ወረቀት የሚበሉትን ነፍሳት ይለቅማሉ። ሠራተኞቹ ማታ ጠረጴዛዎቹን በቆዳ ሸፍነው ይሄዳሉ፣ ጠዋት የወፎቹን ኩስ ይጠርጋሉ። የሰው ትንፋሽና ላብ እርጥበት ስለሚጨምር ደግሞ ጎብኚ በቡድን፣ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ይገባል። ሰዓቱ የተወሰነው ለመጻሕፍቱ ሲባል ስለሆነ «5 ደቂቃ ነው ያረፈድነው» ብሎ መከራከር ብዙ አያዋጣም፤ ቦታ ካለ ወደ ሌላ ቡድን ሊያዛውሯችሁ ይችላሉ፣ ግዴታ ግን የለባቸውም። ከ20 ደቂቃ በፊት በሩ ላይ ሁኑ። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 14:20 ማለት ለእናትሽ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ስልክ ላይ አንዱ በኛ አንዱ በእነሱ ሲጻፍ ሰው ይሳሳታል።

የሚገባው ከታች ነው፦ መጀመሪያ የተማሪዎች እስር ቤት (ዩኒቨርሲቲው የራሱ ሕግና የራሱ ዳኝነት ነበረው)፣ ቀጥሎ መካከለኛው ፎቅ፣ በመጨረሻ በወርቅ ቅብ ያጌጠው ላይኛው አዳራሽ። ስለዚህ ውስጡም ደረጃ አለ ብላችሁ አስቡ። ላይኛው አዳራሽ ፎቶ ክልክል ነው፤ የምትቆዩበት ጊዜም በደቂቃ ይቆጠራል። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ፤ የመደርደሪያዎቹ መሰላሎች የት ተደብቀው እንደሚገቡም ፈልጉ።

ያው ትኬት ዩኒቨርሲቲው ያለበትን የድሮ ቤተ መንግሥትና የቅዱስ ሚካኤልን ጸሎት ቤት ያስገባል። ጸሎት ቤቱ ትንሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1733 የተሠራውን ኦርጋን ሳታዩ ግን አትውጡ። ትልቁ አዳራሽ፣ ሳላ ዶስ ካፔሎስ፣ እስከ ዛሬ የዶክትሬት መመረቂያ ይቀርብበታል፤ በዚያ ሰዓት ከደረሳችሁ ይዘጋል። ያኔ ጸሎት ቤቱን አስቀድማችሁ ተመለሱ። ማማው ላይ መውጣት ለእናትሽ የሚሆን አይደለም፦ ጠባብ፣ የሚጠመዘዝ፣ 180 ያህል ደረጃ ነው፤ የሚወርድ ሰው ሲመጣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማሳለፍ አለ። አንቺ ማማው ላይ ውጪ፣ እሳቸው ግቢው ውስጥ ሆነው የሞንዴጎን ወንዝ ይዩ። ግቢው ራሱ በነጻ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ለምን ኮረብታ ላይ ወጣ ለሚለው፦ እ.ኤ.አ. በ1290 ንጉሥ ዲኒስ የመሠረተው ሊዝበን ነበር፤ ከዚያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲመላለስ ኖሮ በ1537 ዡዋው 3ኛ ኮይምብራ ላይ አጸናው፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥም አስገባው። ቤተ መንግሥቱ ቀድሞ ምሽግ ነበር። ቦታውን የመረጠው ጠላትን ከሩቅ ለማየት የፈለገ ሰው ነው፣ ተማሪ የዳገቱ ወራሽ ሆኖ ቀረ።

እኛን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚያ ማንም አስጎብኚ አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የኮይምብራ ተወላጅ ነው። በ1527 የዐፄውን መልእክተኛ ጸጋ ዘአብን ይዞ ሲመለስ፣ ዡዋው 3ኛ የተቀበላቸው ኮይምብራ ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከማስገባቱ 10 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ዝግታ መለሰች፦

«ከላይ ጀምሮ ወደ ታች» የሚለው ምክር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ለጤነኛ እግር ትክክል ነው። ለታመመ ጉልበት ግን ግማሹ ብቻ ነው ትክክል፤ ደረጃ ሲወረድ የሰውነት ክብደት በሙሉ በታጠፈ ጉልበት ላይ ስለሚያርፍ ከመውጣት ይልቅ መውረድ ያሳምማል። ከዩኒቨርሲቲው ወደ ታች የሚወስደው ዝነኛ ደረጃ ኬብራ ኮስታሽ ይባላል፤ ትርጉሙ «ወገብ ሰባሪ» ነው፣ ስሙን በከንቱ አላገኘውም። ድንጋዩ በዘመናት እግር የተላጨ ስለሆነ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ኤፕሪል ደግሞ ይዘንባል። ሶሉ ጎማ የሆነ፣ ጠፍጣፋ ጫማ ብቻ።

ስለዚህ ለእናትዎ እንዲህ ቢያደርጉት እመክራለሁ። በታክሲ (ኡበርና ቦልትም ይሠራሉ) እስከ ላርጎ ዶም ዲኒስ ውጡ፤ የንጉሡ ሐውልት ያለበት አደባባይ ነው። ሾፌሩ «ዩኒቨርሲቲ» ብቻ ከተባለ ሌላ ግቢ ሊወስዳችሁ ይችላል፤ ፋኩልቲዎቹ ከተማው ውስጥ ተበትነዋል፤ «ፓሱ ዳስ ኤሽኮላሽ» በሉት፤ ቤተ መጻሕፍቱ ያለበት የድሮው ግቢ ስም ነው። ከአደባባዩ እስከ ፖርታ ፌሪያ በር ያለው ሩዋ ላርጋ ሰፊና ሜዳ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ግዙፍ ሕንፃዎች ከ1940ዎቹ ጀምሮ የድሮ ቤቶች ፈርሰው የተሠሩ ናቸው፤ ለምን ድንገት ድሮነቱ ጠፋ እንዳትሉ። እዚያው አደባባይ ሥር 125 ደረጃ ያለው መውጫ አለ፤ ካርታው አቋራጭ ብሎ ቢያሳያችሁ አትከተሉት።

ገበያው አጠገብ ያለው የሕዝብ አሳንሰር ብዙ ጊዜ ስለሚበላሽ ዕቅዳችሁን እሱ ላይ አታንጠልጥሉ።

ከቤተ መጻሕፍቱ በኋላ ጉልበታቸው ከፈቀደ በአጭር ቁልቁለት የማሻዶ ደ ካስትሮ ሙዚየም ይደረሳል። ከሥሩ ያለው የሮማውያን ምድር ቤት ነው ትልቁ ነገር፦ ኮረብታው ተዳፋት ስለሆነ ሮማውያን አደባባያቸውን ሜዳ ለማድረግ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቅስት ገንብተው በላዩ ሠሩ። የዚያ ጊዜ የከተማዋ ስም ኤሚኒየም ነበር። ሰኞ ዝግ ነው፤ ሜይ 1ም እንዲሁ፣ እናንተ በምትሄዱበት ሰሞን ስለሚውል አስታውሱት። አንድ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ የ12ኛው ክፍለ ዘመን አሮጌው ካቴድራል፣ ሴ ቬልያ፣ አለ፤ ምሽግ ነው የሚመስለው። እዚያ ላይ አቁሙ፣ ተመልሳችሁ ታክሲ ጥሩ።

ታችኛው ከተማ በሙሉ ለእሳቸው ይሆናል። ከላርጎ ዳ ፖርታዤም በፌሬይራ ቦርዤስ መንገድ እስከ ሳንታ ክሩዝ ቤተ ክርስቲያን መኪና የማይገባበት ሜዳ ነው፤ በመንገዱ መካከል የአልሜዲና ቅስት በቀኝ ይታያል። ሳንታ ክሩዝ እ.ኤ.አ. በ1131 የተመሠረተ ገዳም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፖርቱጋል ነገሥታት፣ አፎንሶ ኤንሪኬስና ሳንሾ 1ኛ፣ መንበሩ ግራና ቀኝ ተቀብረዋል። በማግስቱ ድልድዩን ተሻግራችሁ አሮጌውን ገዳም፣ ሳንታ ክላራ አ ቬልያን፣ ሳታዩ አትሂዱ። ወንዙ እየሞላ ሲያጥለቀልቀው ኖሮ መነኮሳይያቱ እ.ኤ.አ. በ1677 ትተውት ኮረብታው ላይ ወዳለው አዲስ ገዳም ወጡ። ዛሬ ፍርስራሹ ከጭቃ ወጥቶ ይታያል፤ በኔ ግምት ከዩኒቨርሲቲው ቀጥሎ ይህን የሚያህል ቦታ የለም።

ሰብለ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የታክሲውን ዕቅድ ይዣለሁ። ስለ ሜይና ስለ ምሽቱ የሚነግረኝ ካለ? ኮኒምብሪጋ የሚባለው የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽስ ይደረስበታል?

ጥቁር ካባ፦

ሜይ ላይ ኬይማ ዳስ ፊታሽ አለ፣ የተመራቂዎች ሳምንት። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት አረጋግጡ። ተማሪዎቹ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ በፋኩልቲያቸው ቀለም ሪባን አስረው (ሕግ ቀይ፣ ሕክምና ቢጫ) ከተማውን ይሞላሉ። ለወጣት ታላቅ ነገር ነው፤ ለናንተ ግን አልጋ ይወደዳል፣ እስከ ንጋት ጫጫታ አለ፣ ሰልፉ በሚያልፍበት ቀን ታክሲ ላይኛው ከተማ መግባት ይቸገራል። ኤፕሪልን አትቀይሩ።

ምሽቱን ፋዶ ስሙ፣ የፖርቱጋል ባህላዊ ዘፈን ነው። የኮይምብራ ፋዶ ከሊዝበኑ ይለያል፦ በልማዱ የሚዘፍኑት ወንዶች ናቸው፣ ካባ ለብሰው፤ የፖርቱጋል ጊታሩም ከሊዝበኑ አንድ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚቃኘው። በ18:00 (ከቀኑ 12 ሰዓት) ገደማ የሚጀምሩ አጫጭር ዝግጅቶች አሉ፤ እነሱን ምረጡ። ደረጃው ላይ ያሉ ቤቶች ስለሚኖሩ ቦታ ስትይዙ የት እንደሆነ ጠይቁ። ምግብ ቤት ስትቀመጡ ሳታዙ የሚመጣው ዳቦና የወይራ ፍሬ በሂሳብ ነው፤ ካልፈለጋችሁ ሳትነኩት መልሱት።

ኮኒምብሪጋ ከከተማው በስተ ደቡብ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮይምብራ ስሟን ያገኘችው ከሱ ነው፤ ጳጳሱ መንበሩን ወደ ኤሚኒየም ሲያዛውር ስሙም አብሮ መጣ። የወለል ሞዛይኩ ድንቅ ነው፤ በጥድፊያ የተሠራው የከተማው ቅጥር የሀብታም ቤቶችን እንዴት እየቆረጠ እንዳለፈም ይታያል። አውቶቡሱ ጥቂት ስለሆነ መመለሻው ሊያመልጥ ይችላል። በአንድ ሌሊት ጉዞ፣ ከዚያ ጉልበት ጋር፣ እኔ ብሆን ሳንታ ክላራን አይቼ በእርጋታ ወደ ጣቢያው እሄዳለሁ። ታክሲ ስትጠሩ «ኮይምብራ-ቤ» ማለቱን አትርሱ።