ኳሱ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ አክስለሬሽኑ ለምን ዜሮ አይሆንም?

የማታው ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቀን አይሱዙ ላይ ረዳት ነኝ፤ ማታ 9ኛ ክፍል እማራለሁ። ትናንት የፈተና ወረቀት ተመለሰልን። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ። ጫፍ ሲደርስ ቬሎሲቲውና አክስለሬሽኑ ስንት ነው? ሁለቱንም ዜሮ አልኩ። ቬሎሲቲው ራይት፣ አክስለሬሽኑ ኤክስ። መምህሩን ልጠይቅ ስል ተደወለ። ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። የቆመ ነገር እንዴት አክስለሬሽን ይኖረዋል? ፎርሙላውን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። እባካችሁ አስረዱኝ።

የፊዚክስ መምህር፦
ወንድሜ፣ እዚህ ጋ የማይሳሳት ተማሪ ጥቂት ነው። አክስለሬሽን የሚነግርህ ኳሱ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አይደለም። ቬሎሲቲው (ፍጥነቱ ከነአቅጣጫው) በየሰከንዱ በስንት እንደሚለወጥ ነው። ወደ ላይ ያለውን ፕላስ፣ ወደ ታች ያለውን ማይነስ በል። የመሬት ስበቱን 10 እንበለው (አዲስ አበባ ላይ 9.77 ገደማ ነው፤ ከተማችን ከፍ ያለ ስለሆነ ትንሽ ይቀንሳል)። አየሩንም ለጊዜው እርሳው።

ከእጅህ ሲወጣ 20። ከ1 ሰከንድ በኋላ 10። ከ2 በኋላ 0። ከ3 በኋላ −10። በ4ኛው እጅህ ላይ ሲመለስ −20።

አየህ? በየሰከንዱ 10 ይቀነሳል። ከ10 ወደ 0 ሲሄድ የቀነሰው፣ ከ0 ወደ −10 ሲሄድም ያው ነው። ዜሮ ላይ ሲደርስ ለውጡ አላረፈም። አክስለሬሽኑም እዚያ ዜሮ ሆኖ ቢቀር፣ ኳሱ 20 ሜትር ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ ያድር ነበር።

የድሮ ሾፌር፦
ረዳት ከሆንክ በምታውቀው ልንገርህ። ዳገት ላይ መኪናው ፎሌ ገባ፣ ማርሽ ለቀቀ እንበል። እየዘገመ ይወጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ቀጥ ያለች ጊዜ «ቆሟል» ብለህ ጋቢና ትቀመጣለህ? ታኮውን ይዘህ ዘለህ ትወርዳለህ እንጂ። ቢቆምም ዳገቱ እየጎተተው እንደሆነ እግርህ ያውቃል።

የማታው ተማሪ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ታኮውን ከወሸቅኩ በኋላስ?

የፊዚክስ መምህር፦
ያኔ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ዜሮ የነበረው ቬሎሲቲ ከሰከንድ በኋላም ዜሮ ነው፤ ለውጥ የለም። ኳሱ ግን ጫፍ ላይ ታኮ የሚያደርግለት የለም። ሌላም ነገር ልጨምርልህ፦ ማይነስ አክስለሬሽን ሁልጊዜ መዘግየት እንዳይመስልህ። ኳሱ ሲወርድ እየፈጠነ ነው፣ አክስለሬሽኑ ግን ያው −10 ነው። ቬሎሲቲውም ማይነስ ስለሆነ ሁለቱ አንድ አቅጣጫ ይዘዋል።

የማታው ተማሪ፦
ዛሬ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ አሸዋ ጭነን ስንወጣ፣ ሾፌሩ ማርሽ ሊቀይር ፍሪሲዮን ረገጠ። እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ የፊት ጎማውን ብሎን እያየሁ ነበር። ዞረ፣ ዘገየ፣ ቀጥ አለ፣ ወዲያው ወደ ኋላ ዞረ። መሃል ላይ ምንም እረፍት የለም! «ጫፍ ላይ −10 ነው» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ደንግጦ «ምን ሆንክ?» አለኝ። እስክንደርስ ድረስ አስረዳሁት።